የጳጉሜን መስመር

ጀልዴሳ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ሰይፈ ሚካኤል፣
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ጋሼ፣ አንተም ልጅህ ማርቲም ደህና ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጀልዴሳ አቧራና ከስድሳ ሁለት የሂሳብ ተማሪዎቼ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ክረምት ላይ ድሬ መጥቼ ሳልጠይቅህ ተመለስኩ። ጥፋቴ ነው፤ ምክንያት አልደረድርም።

መጀመሪያ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። የድሬ ልጅ አንቱታ ሲጽፍ የሰው ጫማ አድርጎ የሚሄድ ይመስለዋል። አባቴ ዐብዲራሕማን የባቡሩ ዎርክሾፕ ባልደረባህ በነበረ ጊዜ፣ እኔ «አዴር፣ አዴር»፣ አጎቴ ማለቴ ነው፣ እያልኩ ቤትህ ካለው የንድፍ ጠረጴዛ ሥር ስቀመጥ አልተቆጣኸኝም። አሁንም ቻለኝ።

ደብዳቤ እንደምልክልህ ከሾፌሩ ከአብዲቃድር ስትሰማ «ስልክ እያለ ወረቀት የምትልከው ለምንድን ነው?» ብለሃል አሉ። ስልክ እዚህ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ለወጣ ሰው ነው። ደግሞም የምነግርህ ነገር የሚሰማ ሳይሆን የሚታይ ነው። ስለዚህ አብዲቃድር በአይሱዙው በተመላለሰ ቁጥር ደብዳቤ ያደርሳል፤ አንተም ሻይ አጠጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፌአለሁ። ሲበዛ ቀላል ናት፤ ብትታተም ሁለት ገጽ አትሞላም። ቁጥር የተጻፈበት ፋይል ትሰጣታለህ፤ በየመስመሩ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር። እሷ ለእያንዳንዱ ቁጥር ነጥብ ታስቀምጣለች፣ ነጥቦቹን በመስመር ታያይዛለች፣ በቃ። ሌላ ምንም አታውቅም። ቁጥሮቹን የሰጠችኝ ግን ሁዶ ናት።

ሁዶ የዚህ ሰፈር ኤላ ጠባቂ ናት። ኤላ የምልህ በእጅ የተቆፈረውን የድሮ የውሃ ጉድጓድ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ ዕድሜዋንም በትክክል አታውቀውም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ 2015 ሊገባ ሲል፣ እዚህ ያለው የገበሬዎች ማኅበር እርሻ ከኤላው አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ የውሃ ሞተር ተከለ። ሁዶ ያን ሰሞን በየስንዝሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ አዘጋጀች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ፍየሎቹ ሳይመጡ፣ ገመዱን ወደ ታች ትለቃለች፣ ውሃው ጋ እስኪደርስ ስንት ደረቅ ቋጠሮ እንዳለ ትቆጥራለች፣ ለእኔም ትነግረኛለች። መጀመሪያ ሃያ ሁለት ነበር። አሁን ሠላሳ ሰባት ደርሷል። ከአርባ አምስተኛው ቋጠሮ በታች አሸዋ ብቻ ነው።

ሁዶ «ውሃዬን የሚጠጣው ሞተሩ ነው» ትላለች። ከወረዳው የመጡት የውሃ ባለሙያ ደግሞ «ኤላው አርጅቷል፣ በራሱ ጊዜ እየደረቀ ነው» ብለው ጻፉ። ኅዳር 6 የቀበሌው ኮሚቴ ይሰበሰባል። የባለሙያው ቃል ከጸና፣ ከብት እንዳይገባበት ተብሎ ኤላው በአፈር ይደፈናል። ሠላሳ አባወራ ከነፍየሉ ግማሽ ቀን ተጉዞ ውሃ ሊፈልግ ነው።

ፕሮግራሜ የሣለችውን ልኬልሃለሁ። ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። በዚያ ዓይንህ እየው፤ ከዚያ በእጅህ፣ በጥቁር ቀለም ገልብጠህ ሣልልኝ። የኮሚቴው ሊቀመንበር የኮምፒውተር ወረቀት አያምኑም። አንተ በ1974 የሣልከው የኤላዎች ካርታ ግን ዛሬም ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሥራ ማለት ይህ ነው» ይላሉ።

ልጅህ ዴቃ


ሳቢያን፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዴቃ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «አንተ» ማለትሽን ፈቅጃለሁ፤ ባትይኝ ነበር የሚከፋኝ። አብዲቃድር ሻዩን በአራት ማንኪያ ስኳር ጠጥቷል፤ ይህንን ለሚስቱ ንገሪያት። ደብዳቤዬን በታይፕ መጻፌ አይግረምሽ፤ የጽሕፈት መኪናዋ ዝጋ እንዳትቀር ብዬ ነው።

ሥዕልሽን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሁለት ቀን አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልንቀው ነበር የተቀመጥኩት። ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ስስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት እንዲኖረው ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቀለሙ የሚያልቅበትን መገመት፣ በድሬ ሙቀት ላብ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባርን በጨርቅ ማሰር ያስፈልጋል። ያንቺ ፕሮግራም አንድም ቦታ አልወፈረችም፣ አልቀጠነችም። በማጉያ መስታወት ነው የፈተሽኳት። እኔ ብሆን አስራ አምስት ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ለእሷ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት ግን እንዳትነግሪኝ፤ እንቅልፍ ያስፈልገኛል።

አድናቆቴን ከተናገርኩ ወደ ጥፋትሽ ልግባ። አንደኛ፣ ውሃውን ዘቅዝቀሽዋል። ደረቁ ቋጠሮ ሲበዛ መስመርሽ ወደ ላይ ይወጣል። ለአንቺ ቁጥሩ ስለጨመረ ነው። ይህንን ያየ ሽማግሌ ግን «ውሃው ሞልቷል፣ ተመስገን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ውሃ ሲወርድ መስመሩም ይውረድ።

ሁለተኛው ይብሳል። ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው፣ በሦስቱም ዓመት ነሐሴ 30 ላይ ዝቅ ብሎ የነበረው ውሃ መስከረም 1 ላይ አምስት ስድስት ቋጠሮ ዘሎ ይገኛል። በአንድ ቀን! ልጄ፣ ውሃ ለዘመን መለወጫ አዲስ ልብስ አይለብስም። ጠረጠርኩና ነጥቦቹን ቆጠርኩ። ከመስከረም 1 ቀን 2015 እስከ መስከረም 10 ቀን 2018 ድረስ አንድ ሺህ ዘጠና ነጥብ አለሽ። በጣቴ ስቆጥር ግን ቀኖቹ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ናቸው። አስራ ስድስት ቀን ጎድሎሻል። የትኞቹ እንደሆኑ ገምቻለሁ፤ አንቺው ፈልገሽ አግኚያቸው።

የቀለሙን ሥዕል በተመለከተ፣ አሁን ሥራ በዝቶብኛል። እናያለን።

ሰይፈ ሚካኤል


ጀልዴሳ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን አለህ? እኔ ከሐፍረት በቀር ደህና ነኝ።

ጳጉሜን ናት። አስራ ስድስቱም ቀን ጳጉሜን ናቸው፤ የ2015 ስድስት፣ የ2016 አምስት፣ የ2017 አምስት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ሳቅብኝ። መጀመሪያ ቁጥሮቹን ስጽፍ እየተሳሳትኩ ቀኑን በወሩ ቦታ አስገባ ነበር፤ ወር 25፣ ወር 28 እያልኩ። ስለዚህ ፕሮግራሟን «ወሩ ከ12 ከበለጠ ስህተት ነው፣ እለፊው» ብዬ አዘዝኳት። የተማርኩበት መጽሐፍ ዓመት አስራ ሁለት ወር ነው ይላል፤ እኔም ሳላስብ ተቀበልኩ። አስራ ሦስት ወር እየኖርኩ በአስራ ሁለት ቆጠርኩ! እሷ ምን ታድርግ? ታማኝ ናት፤ ያልኳትን ፈጸመች። አስራ ሦስተኛ ወር ባየች ቁጥር አንድም ቃል ሳትተነፍስ ጣለችው።

ለሁዶ ስነግራት ገመዷን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ፍየሎቼ በጳጉሜን አይጠጡም ያለሽ ማን ነው?» አለች። ደግሞ ነገሩን የሚያብሰው፣ ጳጉሜንን የደከመችበት እሷ ናት። በጳጉሜን እኔ እናቴ ጋ ድሬ ነው የምሆነው። ያኔ ሁዶ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አረንጓዴ ክር ትወስዳለች፤ ገመዱ ላይ የቆጠረችውን ያህል ክሩ ላይ ትቋጥርና ታስቀምጥልኛለች። ስመለስ እኔ ቋጠሮዎቹን ቆጥሬ ፋይሉ ውስጥ አስገባለሁ። አስራ ስድስቱ ክር ሳጥኗ ውስጥ አለ። አንዲት ቀን አልዘለለችም። የዘለልኩት እኔ፣ አስተማሪዋ ነኝ።

ያችን ትእዛዝ ሰረዝኳት። መስመሩም እንደነገርከኝ አሁን ከውሃው ጋር ይወርዳል። በላክሁልህ አዲስ ሥዕል ላይ አየህ አይደል፣ ዝላዩ ጠፋ። ዘንድሮ ነሐሴ 30 ሠላሳ ስምንት ደረቅ ቋጠሮ ነበር፤ ጳጉሜን 1 ሠላሳ ሰባት፣ ከዚያ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ አምስት፣ እንዲህ እያለ መስከረም 1 ሠላሳ ሁለት። ውሃው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ አንድ እያለ ይነሳል። ከዚያ መስከረም አጋማሽ ሳይደርስ ተመልሶ ይወርዳል። በሦስቱም ዓመት እንዲሁ ነው። ዝናብ ነው እንዳልል የ2016 ጳጉሜን ጠብታ አልጣለም፤ ሁዶ ትምልልሃለች። ታዲያ ምንድን ነው?

የቀለሙን ነገር እባክህ አትርሳ። ደግሞ ይህ ታይፕ ምን አመጣው? ያንተን የእጅ ጽሑፍ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ጓጉቼ ነበር።

ዴቃ


ሳቢያን፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ዴቃ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ለብቻዬ ስስቅ ማርቲ «አባዬ ምን ነካው?» ብላ ከጓዳ ወጣች። የሳቅሁት በአንቺ አይደለም፤ በመጽሐፍሽ ነው። ለሁዶ እጅ ነስቷል በይልኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስሠራ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ማንም ሳያዛት ጳጉሜንን የለካች ግን አላየሁም።

በፕሮግራምሽ ምን እንደደነቀኝ ታውቂያለሽ? እኔ አንድ ጊዜ ወር ዘልዬ ብገኝ ወረቀቱን ቀድጄ ከሀ ነው የምጀምረው። እሷ ስትሳሳት ሦስት ዓመት ሙሉ ትሳሳታለች፤ ስትታረም ደግሞ ሦስቱንም ዓመት በአንድ ትንፋሽ ታርማለች። እልህ የላት፣ ኩራት የላት። እኔ ሳልታረም ያሳለፍኳቸውን ዓመታት ሳስብ ቀናሁባት።

አሁን ስለ መስመር አንድ ነገር ላስተምርሽ። ባቡር ላይ ሳለሁ የጉዞ ሰሌዳ የምንሠራው በሥዕል ነበር። ከላይ ወደ ታች ጣቢያዎቹ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሰዓቱ፣ ለእያንዳንዱ ባቡር አንድ ሰያፍ መስመር። አንዱን ባቡር ለብቻው ብትሥይው ምንም አይነግርሽም፤ ሄደ፣ ደረሰ፣ አለቀ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ስታደርጊ ግን የትኛው ጣቢያ ላይ ቆሞ የትኛውን እንዳሳለፈ ወለል ብሎ ይታይሻል። አንድ መስመር ወሬ ነው፤ ሁለት መስመር ምስክር ነው።

እንግዲህ የሁዶን ውሃ ቆሞ ያሳለፈው ማን ነው? በጳጉሜን የሚቆም ማን ነው? እኔ በወር ደመወዝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የማኅበሩን ሞተር የሚያስነሳው ሰው በወር የተቀጠረ ከሆነ፣ ፈልጊውና በጳጉሜን የት እንደሚውል ጠይቂው። የሥራ መዝገብ አያጣም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ፕሮግራምሽ ሁለት ፋይል መቀበል ትችላለች? ካልቻለች አስተምሪያት።

ስለ ታይፑ፣ ዓይኔ ትንሽ አስቸግሮኝ ነው። ጥቁሩ ቀለምም ደርቋል፤ እስኪገኝ ታገሺኝ።

ሰይፈ ሚካኤል


ጀልዴሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ጠንቋይ ነህ እንዴ?

የሞተሩ ሰው አዩብ ይባላል። ማንም የማይጠላው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሞተሩን እንደ ልጁ በጨርቅ ይወለውለዋል። መዝገብህን አሳየኝ ስለው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሁለት ቀን ሸሸኝ። በሦስተኛው ቀን እኔና ሁዶ ኤላው ጋ ሳለን ራሱ መጣ።

«እኔ ጳጉሜንን ቤቴ ነው የምውለው፣ አልክድም» አለ። «ይህ ከወጣ ግን ሥራውን ጥሎ ጠፋ ይሉኛል። ልጆች አሉኝ፣ መምህርት።»

ሁዶ ከገመዷ ቀና ሳትል፣ «አዩብ፣ የኔን ፍየሎች ያጠጧቸው አንተ የተኛህባቸው ቀናት ናቸው። ምን ያሳፍርሃል?» አለችው። ከዚያ መዝገቡን ከብብቱ አወጣ።

ጋሼ፣ ብታየው ትወደው ነበር። ሞተሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ በንጹሕ ጽሑፍ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ። በጳጉሜን ቀናት ሁሉ አንድ ቃል፦ «የለም»። መስከረም 1 በዓል ነው፣ «የለም»። መስከረም 2 አስር ሰዓት ሠርቷል።

ፕሮግራሟን ሁለት ፋይል አስተማርኳት፤ ስድስት መስመር ብቻ ጨመርኩ። ከላይ የሞተሩ ሰዓት፣ ከታች የሁዶ ውሃ፤ ሥዕሉን ከፋይሉ ዝርዝር ጋር ልኬልሃለሁ። ሞተሩ በወደቀባቸው ሦስት ቦታዎች ውሃው ይነሳል። ሞተሩ በተነሳ ማግስት ውሃው መውረድ ይጀምራል። አዩብ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሶ አየና «ሱብሓነላህ፣ ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ አልተዋወቅንም» አላት ሁዶን። ሁለቱም ሳቁ። ያንተ አንድ ቃል ነው ይህን ያደረገው። እኔ ብቻዬን ብሆን ዛሬም ደመና ስቆጥር ነበር።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ነበር። «በሰይፈ ሚካኤል እጅ ከሆነ አያለሁ» አሉኝ። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶናል።

እንግዲህ ፊት ለፊት ልጠይቅህ። አንዴ መኪናዋ እንዳትዝግ፣ አንዴ ዓይንህ፣ አንዴ ቀለሙ። በማጉያ አንድ ሺህ ዘጠና ነጥብ የቆጠረ ዓይን ምን ሆነ? አብዲቃድር ደግሞ ሻይ ስትቀዳለት ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጅህ እንደምትይዝ፣ ጠረጴዛው ሥር የተጨማደደ ወረቀት እንደተቆለለ ነገረኝ። ትንሽ ሆኜ ጉልበቴ ቆስሎ ስደብቅህ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለኸኝ ነበር። ምን ደብቀኸኛል?

ዴቃ


ሳቢያን፣ ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን የጻፍኩት በእጄ ነው። ማንበብ ካስቸገረሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያቱን ግን እያየሽው ነው፤ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እጄ እንዲህ የሆነው ካለፈው ጥር ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ስከፍት፣ ቀጥሎ ማንኪያ ስይዝ። ማርቲ አታውቅም፤ ሾርባ መጠጣት የተውኩት ሆዴን ስላልተስማማኝ ይመስላታል። ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም። በእጁ ሥራ ለኖረ ሰው «እጅህ አለቀ» ሲሉት መስማት ከባድ ነው፤ ያላሉኝ እንደሆነ የቀረልኝ መሰለኝ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሥራ አልበዛብኝም ነበር። ሥዕልሽ ከመጣበት ሳምንት ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ለመገልበጥ ተቀምጫለሁ። ቀለሙ አልደረቀም፤ ሁለት ጠርሙስ ጨርሻለሁ። ሠላሳ ወረቀት አበላሸሁ። ከሁለተኛው ዓመት አልፌ አላውቅም።

እና ስለ ፕሮግራምሽ ያልኩሽ ሁሉ ከልቤ እንደሆነ አሁን ይገባሻል። እኔ በሠላሳ ዓመቴ የነበረኝ እጅ አላት። ሳየው ቀንቼ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ደስ አለኝ። ያ እጅ ከእኔ ጋር አብሮ የሚቀበር ይመስለኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ይዛው እንደወጣች መች አወቅሁ?

ስለዚህ ለሊቀመንበሩ የእኔን ሥዕል አትውሰጂ፤ የእሷን ውሰጂ። ሁለቱን መስመሮች ነጥብ በነጥብ ከላክሽልኝ የፋይሉ ዝርዝር ጋር አመሳክሬአለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አንድም ስህተት የለም። ከሥር «አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው» ብዬ ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ ተንቀጥቅጧል፤ ግን የእኔው ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በሌላው ወረቀት ላይ ሠላሳ ስድስት ቁጥሮች ታገኛለሽ። ከመስከረም 21 እስከ ትናንት፣ በየማለዳው ሥራ ሳልጀምር ያለ ማስመሪያ የአንድ ስንዝር መስመር እስባለሁ። ከዚያ ማስመሪያ አስጠግቼ ስንት ሚሊሜትር እንደሳተች እለካለሁ። ቁጥሮቹ ያ ናቸው። ብቻዬን ሳያቸው ፈራኋቸው። ፕሮግራምሽ ትሣላቸው። የማን እንደሆነ ግን አትጻፊበት።

ሰይፈ ሚካኤል


ጀልዴሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዴር፣

ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ከዚያ ሥራ ነበረብኝና ተነሳሁ። ዜናውን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ኅዳር 6 ስብሰባው የተካሄደው ግራሩ ሥር ነው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ሥዕሉን ሳይሆን ፊርማህን ነው። ከዚያ «ይህን ፊርማ ለመፈረም ስንት ደክሟል» አሉና ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጉት። ላስረዳ ስነሳ ሁዶ ቀደመችኝ። ተንበረከከችና ጣቷን በግራ በኩል አስቀምጣ እስከ ቀኝ ድረስ ቀስ ብላ ነዳችው። «ይህ የሞተሩ ነው። ይህ የእኔ ነው። እዚህ ሞተሩ ተኛ፣ የእኔ ተነሳ። እዚህም። እዚህም።» አረንጓዴ ክሮቿን አንድ በአንድ በየነጥባቸው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አዩብ ማንም ሳይጠራው ተነሳና «በነዚያ ቀናት ቤቴ ነበርኩ፤ መዝገቡም የእኔ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ፊደል አያውቁም፤ መስመሩን ግን ሁሉም አነበቡት። አንዱ «ዋ ሩን» አለ፣ እውነት ነው ማለቱ ነው፤ ሌሎቹም ተቀበሉት።

ኤላው አይደፈንም። ሞተሩ በሳምንት ሁለት ቀን ያርፋል፤ ጳጉሜን ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። የአዩብ ጥፋት የነበረው አሁን ሕግ ሆነ፤ ማንም አያባርረውም። የመጡት ባለሙያም ደህና ሰው ናቸው፤ ፕሮግራሟን በፍላሽ ጠይቀውኝ ወሰዱ። ያችን «ከ12 ከበለጠ» የምትለዋን ትእዛዝ መሰረዜን ደግሜ ደጋግሜ አየሁ።

አሁን ወደ አንተ።

ሠላሳ ስድስቱን ቁጥሮች ሣልኳቸው። እንደ ኤላው አድርጌ፣ ስህተቱ ሲበዛ መስመሩ እንዲወርድ። ስም አልጻፍኩም። ሁዶ የዕለቱን ቋጠሮ ልትነግረኝ ስትመጣ ወረቀቱን አየችውና ሌላ ኤላ መሰላት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ተከተለችው።

«ይህ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማውቀው ሰው ነው» አልኳት።

«ያለ ዕረፍት እየቀዱት ነው» አለች። «ግን አልደረቀም። አየሽ፣ እዚህ ሲያርፍ ተነሳ፣ እዚህም ተነሳ። ጳጉሜን ስጡት።»

እሷ ከሄደች በኋላ ጣቷ ያረፈባቸውን ቀናት አየሁ። መስከረም 26፣ ጥቅምት 3፣ 10፣ 17፣ 24። አምስቱም ሰኞ ናቸው። እሑድና በዓል ቅዳሴ ውለህ ብዕር እንደማትነካ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ዘንድሮ የነካህ ለዚያች ለማለዳዋ መስመር ብቻ ነው። ስድስተኛው ጥቅምት 13 ነው፣ የሚካኤል ማግስት። ጋሼ፣ ባረፍክ ማግስት ሁሉ እጅህ ይሻልሃል። ዕረፍት ያድንሃል አልልህም፤ ያንን የሚያውቅ ሐኪም ነው። ግን መስመሩ የሚለው፣ እጅህን ከአቅሙ በላይ የቀዳሁት እኔ ነኝ። የቀለሙ ሥዕል ይቅር። ሠላሳ ወረቀት ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ መሣል የእሷ፣ ማየት ያንተ ነው። ያንተን ዓይን የሚያስንቅ ፕሮግራም እኔ አልጽፍም፣ የሚጽፍም አይመስለኝም።

ሥዕሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ሐኪም ዘንድ ይዘኸው ሂድ፤ ሽማግሌዎቹ ያነበቡትን ሐኪም አያጣውም። ከዚያ በፊት ግን ለማርቲ አሳያት። እንዳልከኝ የማን እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ከላይ በቀኝ በኩል የስሙን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። በእጅህ ጻፈውና አሳያት።

ልጅህ ዴቃ